ድርብ ጋቢና የአንገረብ ደለል

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የዝናብ ወሬ ተነሳ። ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፤ ሲገባ ደግሞ ዶፉን ያወርደዋል። አንድ አባት "ዛፉን ጨረስነው፣ ይኸው ተቀጣን" አሉ። አጠገባቸው የነበረው ወጣት "ኧረ አባቴ፣ ይሄን ያመጡብን ባለፋብሪካዎቹ አገሮች ናቸው" አላቸው። ሁለቱም እውነት አላቸው። የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት ነገር ነው። ስንቀላቅለው መላው ይጠፋብናል።

የወጣቱን ላስቀድም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ደመና ካለ ግን ብርዱ ይለዝባል። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ስትለቅ፣ ደመናውና የአየሩ እርጥበት ይይዙታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴንም እንደዚያው ናቸው፤ የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋሉ፣ ሙቀቱን ያስቀራሉ። ሙቀት አማቂ ጋዞች የተባሉት ለዚህ ነው። ለምድር ጋቢዋ ናቸው። ባይኖሩ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ በሆነ ነበር፤ አሁን 15 አካባቢ ነው።

ጣጣው የመጣው ጋቢ ላይ ጋቢ ሲደረብ ነው። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ዛሬ ከ420 አልፈዋል። ዋናው ምንጭ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ከዚህ ጭስ የመላው አፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። በ2016 መግቢያ ድርቅ የመታውን የጃናሞራን ገበሬ "የእጅህን አገኘህ" የሚለው ሰው በጣም ያናድደኛል።

የአባታችን ቃል የሚሠራው አንገረብ ላይ ነው። የምንጠጣበት ግድብ ደለል እየሞላው ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል፤ ስለዚህ ሲዘንብ በኃይል ይዘንባል። ዶፉን እኛ አናስቆመውም። የተራቆተው ተዳፋት ግን የእኛው ነው። ዝናብ ሲጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ዛፎቹ ሥር ቆማችሁ እዩ። ውሃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ባዶው ዳገት ላይ ግን አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። ቧንቧው ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክመው የሚንከራተቱት ልጆቻችን ናቸው።

በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። መጋቢት ላይ ስንቱ እንደጸደቀ የሚቆጥር ግን ብዙም አላየሁም። ከግድቡ በላይ ያለውን ገበሬም "ዳገቱን ከልክል" ብሎ መሄድ ፍርድ አይደለም። በሬው የት ይሰማራ? እርከኑን በነፃ ይሥራ? ውሃውን የምንጠጣው እኛ ነን፤ የእርከኑንና የመኖ ሣሩን ወጪ እኛም እንጋራ። እኔ በየወሩ የውሃ ቢሌ ላይ 10 ብር ቢጨመር ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። ብሩ እዚያ ገበሬ እጅ መድረሱን ግን በግልጽ ይለጠፍልኝ።