ከማጭድ በፊት የሚረግፈውን እህል ማን ይቁጠረው?

የጤፍ ዋጋ በጨመረ ቁጥር መርካቶ እህል በረንዳ ላይ የሚነሣው ክርክር የታወቀ ነው። ነጋዴው ኬላውንና የጭነት መኪና ኪራዩን፣ ሸማቹ ደላላውን፣ ባለሥልጣኑ ደግሞ ሕገወጥ ክምችትን ይወቅሳል። ሁሉም የየራሱ እውነት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚጀምረው እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶና በጆንያ ተሞልቶ ከወጣ በኋላ ነው። ሰብሉ ከደረሰ በኋላ ማጭድ እስኪያገኘው ባሉት ቀናት ከዛላው ረግፎ ማሳ ላይ የቀረው እህል በማንም ሒሳብ ውስጥ የለም። ይህ ኪሳራ ሊቆጠር ይገባል፤ ለመቁጠርም አዲስ ተቋም ማቋቋም አያስፈልግም።

መርገፍ የእህል የጥንት ጠባይ ነው። የዱር ስንዴና የዱር ገብስ ሲደርሱ ዛላቸው በየአንጓው እየተሰበረ ዘራቸውን ይበትናሉ። የጥንት ገበሬዎች ሳይረግፍ የቆየውን እየሰበሰቡ መልሰው በመዝራታቸው፣ ከብዙ ትውልድ በኋላ ዘሩን ይዞ የሚጠብቅ እህል ወረስን። ይዞ የሚጠብቀው ግን ለተወሰኑ ቀናት ነው። የደረሰ ስንዴ ፀሐይ ሲያደርቀው፣ ነፋስ ሲያማታው፣ ይልቁንም ወቅቱን ያልጠበቀ የኅዳር ዝናብ አርሶት እንደገና ሲደርቅ፣ ፍሬውን ያቀፈው ገለባ እየላላ ይሄዳል። ጤፍ ደግሞ ይጋሸባል፤ 1000 ፍሬው ግማሽ ግራም እንኳ ስለማይሞላ ከተኛው ዛላ አንዴ አፈር ላይ ከወደቀ የሚለቅመው የለም።

የሰሊጥ ነገር ከሁሉም የከፋ ነው። ሰሊጥ ከታች ወደ ላይ እያበበ ስለሚሄድ የታችኞቹ የፍሬ ከረጢቶች ደርቀው አፋቸውን ሲከፍቱ የላይኞቹ ገና አረንጓዴ ናቸው። ስለዚህ የሑመራና የመተማ አምራች ሁሉም እስኪደርስ አይጠብቅም፤ አስቀድሞ አጭዶ በእስር በእስር ያስረውና አፉን ወደ ላይ አቁሞ ያደርቀዋል። ጊዜው አጭር በመሆኑ፣ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በመንገድ ደኅንነት ወይም በክፍያ ጉዳይ ጥቂት ቀናት ቢዘገይ የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ1943 ቬንዙዌላ ውስጥ ከረጢቱ የማይከፈት ሰሊጥ ተገኝቶ ነበር፤ ሆኖም ሲወቃ ፍሬውን አልለቅ በማለቱ የተጠበቀውን ያህል አልጠቀመም። ዘር የማሻሻል ሥራ አስፈላጊ ቢሆንም፣ የአጨዳን ቀን ጉዳይ ጨርሶ ሊፈታልን እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የዘገየውን ገበሬ ሰነፍ ማለት ትልቅ በደል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ስንዴው፣ ጤፉና ጥራጥሬው ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ደቦና ወንፈል የሚጠራው ጎረቤትም በዚያው ሰሞን የራሱ ማሳ ደርሶበታል። ጉልበት ያለው ወጣት ደግሞ ብዙው ከተማ ገብቷል፤ እህል በረንዳ ላይ ጆንያ ተሸክመው ከሚውሉት መካከል የገበሬ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ስንዴ በስፋት በኮምባይነር በሚሰበሰብባቸው በአርሲና በባሌም ቢሆን ችግሩ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ኮምባይነር ለአንድ ጥማድ ብቻ ብሎ አይመጣም፤ ኩታ ገጠም ማሳው በሙሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ቀድሞ የደረሰው ማሳ በመጠበቅ ላይ እያለ ይረግፋል፤ ከመጠን በላይ የደረቀውን ዛላ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ሲመታው የቀረውን ያራግፈዋል። በማጭድ የሚያጭድ ገበሬ ጤዛው ሳይነሣ በማለዳ ማሳ ገብቶ ኪሳራውን ይቀንሳል፤ የኮምባይነር ተረኛ ግን ሰዓቱን የሚመርጥበት ዕድል የለውም።

«የረገፈውን ከብት ይበላዋል፣ ወፍም ይለቅመዋል፤ ጨርሶ አልጠፋም» የሚል ክርክር እሰማለሁ። የተወሰነው ለግጦሽና ለቃርሚያ መዋሉ እውነት ነው። የቀረው ግን ሳይዘራ በቅሎ ገቦ ይሆናል፤ የስንዴ ገቦ ደግሞ ከመኸር እስከ መኸር የዋግ በሽታን አቆይቶ ለአዲሱ ቡቃያ ያስተላልፋል። ገበሬው ያጣው እህል ዞሮ የሚቀጥለውን ዓመት ሰብል ያሳምምበታል ማለት ነው።

ስለ ድኅረ ምርት ብክነት ብዙ ተብሏል፤ የብረት ጎተራና አየር የማያስገባ ከረጢትም ተዋውቋል። ጥሩ ሥራ ነው። እህል በረንዳ ላይ ከጆንያ የተንጠባጠበውን እህል ሴቶች ጠርገው፣ አበጥረውና አንጓለው በጣሳ ሲሸጡ ላየ ሰው፣ ከከተማ ወለል ላይ አንዲት ፍሬ እንደማትባክን ግልጽ ነው። ማሳ ላይ የሚቀረው ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ሊሆን ሲችል መጠኑን የሚነግረን የለም።

ስሌቱ ለማንም አይከብድም። በሄክታር አንድ ኩንታል ጠፋ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ወደቀ ማለት ነው። የ1000 ፍሬ ክብደቱ 40 ግራም ለሆነ ስንዴ ይህ 250 ፍሬ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የሽቦ ክልል ሠርቶ፣ ከአጨዳ በፊት በማሳው የተለያየ ቦታ አስቀምጦ መሬት ላይ ያለውን ፍሬ መቁጠርና አማካዩን መውሰድ ይበቃል፤ ከአጨዳ በኋላ ቢደገም ደግሞ ማሽኑ ያራገፈው ለብቻው ይታወቃል። ለጤፍ ፍሬ መቁጠር ስለማይሞከር አፈሩን ጠርጎ፣ ነፍቶና አበጥሮ መመዘን ነው።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሰብል ምርት ናሙና ሲወስድ ማሳ ውስጥ አራት በአራት ሜትር ከልሎ፣ ያንን አሳጭዶና አስወቅቶ ይመዝናል። ባለሙያው ማሳው ውስጥ ገብቷል፤ ክልሉም ተሠርቷል፤ የሚቀረው ጎንበስ ብሎ አፈሩ ላይ ያለውን መመዝገብ ነው። በመጪው የመኸር ናሙና ላይ ይህ አንድ ጥያቄ ይታከል፤ ሰብሉ የደረሰበትና የታጨደበት ቀንም አብሮ ይጻፍ። ውጤቱ በየወረዳው ተለይቶ ከወጣ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የኮምባይነር ተራ ሲያወጡ የትኛው ቀበሌ መቅደም እንዳለበት ያውቃሉ፤ የምርምር ማዕከላትም አዲስ ዝርያ ሲያወጡ ከደረሰ በኋላ ሳይረግፍ ስንት ቀን መቆም እንደሚችል ከምርት መጠኑ ጎን ለገበሬው ይነግሩታል።