የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ለቤተሰብ ያዋጣል ወይ? ከቶና እስከ በረካ የዘለቀ ክርክር

በጥቅምት ወር 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰሜን ለንደን ውስጥ በምትኖር አንዲት ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ተሰባስበን ነበር። ከረከቦቱ አጠገብ፣ ከስኳሩ ዕቃ ሥር፣ ታጥፎ የተቀመጠ ደብዳቤ ነበር። የቴሌቪዥን ፈቃዷ ጊዜ ሊያበቃ መሆኑንና ለቀጣዩ ዓመት 174 ፓውንድ ከ50 ፔንስ መክፈል እንዳለባት የሚያስታውስ ነው። አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ ደብዳቤውን አውጥታ፣ “እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ይህ ገንዘብ እንደ እኔ ላለ ቤት ያዋጣል?” ብላ ጠየቀችን። እርሷ የአረጋውያን ተንከባካቢ ሆና እየሠራች ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት።

ቀድሞ የመለሰው የአውቶቡስ ሾፌር የሆነው ጓደኛችን ነው። እርሱ እንዳለው፣ እግር ኳስ የሚያየው በየወሩ ለግል ጣቢያ እየከፈለ ነው፤ ቢቢሲን ከፍቶ የተቀመጠበትን ቀን አያስታውስም። ሕጉ ግን ማንኛውንም ጣቢያ በቀጥታ ስርጭት የሚያይ ሰው ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ ገንዘቡም በአብዛኛው የሚሄደው ለቢቢሲ ነው። “የከፈልኩበትን ጨዋታ ለማየት ለማላየው ጣቢያ ደግሜ እከፍላለሁ። ይህ ባልበላሁት ዕዳ መጠየቅ ካልሆነ ምን ይባላል?” አለ።

የቤቱ ባለቤቲት ወዳጃችንም ተስፋ ያገኘች መስላ፣ እርሷም ከሥራ ስትመለስ የምታየው የሀገር ቤት ጣቢያዎችን በኢንተርኔት እንደሆነ፣ ስለዚህ ምናልባት ክፍያው እንደማይመለከታት ተናገረች። የሒሳብ ሠራተኛ የሆነችው ወጣት ግን አረመቻት። ደንቡ የሚጠይቀው ስርጭቱ ከየት እንደመጣ ሳይሆን በቀጥታ መታየቱን ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ ዜና በሰዓቱ እየተከታተሉ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ተቀድቶ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ መዝሙር ወይም ስብከት ለማየት ግን አያስፈልግም። አይፕሌየር የተባለው የቢቢሲ የኢንተርኔት ማሳያ ከመስከረም 2016 ጀምሮ፣ ያለፈ ፕሮግራም እንኳ ቢታይበት፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ልዩነት ከእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ጠንቅቆ ማወቅ ግን ይገባል፤ ያለ ፈቃድ ማየት በእንግሊዝ ወንጀል ነውና፣ መቀጮውም እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል።

ከዚያ ወጣቷ ስልኳን አውጥታ ሒሳቡን ሠራችው። የዓመቱ ክፍያ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 48 ፔንስ ገደማ ነው። “ይህ አንተ በምትነዳው አውቶቡስ ለአንድ ጉዞ ከሚከፈለው 1 ፓውንድ ከ75 ፔንስ ሲሶውን እንኳ አይሞላም፤ ያውም የሚከፈለው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ነው” አለችው። ሾፌሩም ሳይዘገይ፣ “በእኔ አውቶቡስ የሚከፍለው የተሳፈረው ነው” ሲል መለሰላት። “እሺ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሰው ይዘህ የምትሄደውን አውቶቡስ የእነዚያ የሦስቱ ክፍያ ያንቀሳቅሰዋል?” ስትለው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ያውቃልና። በክርክሩ ውስጥ እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይህ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የሌሊቱ አውቶቡስ የሚኖረው ሌሊት የማይሳፈሩትም ስለሚከፍሉለት ነው፤ የሚሳፈሩበትም በአብዛኛው እንደ ባለቤቲቱ ያሉ የፈረቃ ሠራተኞች ናቸው።

ወጣቷ ሌላም ማስረጃ ጨመረች። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት፣ ክፍያውን ፈጽሞ አንከፍልም ወይም ይቀነስልን ያሉ 48 ቤተሰቦች ለዘጠኝ ቀን ያለ ምንም የቢቢሲ አገልግሎት እንዲቆዩ አድርጎ፣ የዘጠኙን ቀን ክፍያ 3 ፓውንድ ከ60 ፔንስ ሰጥቷቸው ነበር። ከ48ቱ 33ቱ ሐሳባቸውን ለውጠው ሙሉውን ዋጋ ብንከፍል ይሻለናል አሉ። ሾፌሩ ጥናቱን ያስጠናው ራሱ ቢቢሲ መሆኑን ከሰማ በኋላ፣ ሻጭ ስለ ዕቃው የሚሰጠውን ምስክርነት ለመቀበል እንደሚከብደው ተናገረ፤ ጥርጣሬው ተገቢ ይመስለኛል።

ከደርግ ዘመን ጀምሮ ለንደን የኖሩት አዛውንት እስከዚህ ድረስ በጸጥታ ሲያዳምጡ ቆይተው ነበር። ፈቃዱ በ1922 በ10 ሽልንግ ለሬድዮ እንደተጀመረ፣ የቴሌቪዥኑ በ1946 በ2 ፓውንድ እንደተጨመረ፣ ሬድዮን ብቻ ማዳመጥ ደግሞ ከ1971 ወዲህ ፈቃድ እንደማይጠይቅ አስረዱን። “ልጄ፣ እኔ እንግሊዝኛዬን ያቃናሁት በሬድዮ ነው፤ መምህር ቀጥሬ ቢሆን ኖሮ ስንት እከፍል ነበር?” አሉት። ሾፌሩ በአክብሮት፣ “ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ የተማሩበት ሬድዮ በነጻ ከሆነ እኔ በቴሌቪዥኔ ለምን እከፍልልዎታለሁ?” አላቸው። አዛውንቱ አልተቆጡም፤ ጥያቄው ትክክል መሆኑን ተቀበሉት። እርሳቸው ራሳቸው ከ75 ዓመት በላይ በመሆናቸው በነጻ ያገኙ እንደነበር፣ ከነሐሴ 2020 ጀምሮ ግን ነጻ ፈቃድ የሚሰጠው ፔንሽን ክሬዲት የሚባለውን የዝቅተኛ ገቢ ጡረተኞች ድጎማ ለሚቀበሉ አረጋውያን ብቻ ስለሆነ እንደገና መክፈል እንደጀመሩ ነገሩን።

እዚሁ የተወለደችው ተማሪ ደግሞ ቴሌቪዥን እንደሌላት፣ ቀጥታ ስርጭትም እንደማታይ፣ ስለዚህ ምንም እንደማትከፍልና ሕግም እንዳልጣሰች ተናገረች። የአማርኛ ዜና የምታነበው በስልኳ ከቢቢሲ አማርኛ ነው። ይህ አገልግሎት በመስከረም 2017 የተጀመረው መንግሥት በሰጠው ተጨማሪ ገንዘብ ነው፤ የውጭ ቋንቋዎችን ስርጭት በጠቅላላ ግን ከ2014 ጀምሮ በዋናነት የተሸከመው ይኸው የቤተሰቦች ክፍያ ነው። ባለቤቲቱ ይህን ስትሰማ፣ ደሴ ያሉ እናቷም ዜናውን እንደሚከታተሉ ተናግራ፣ ደብዳቤውን እንደ አዲስ አየችው። ሾፌሩ ግን በዚህም አልተረታም። ለሌላ ሀገር አድማጭ የሚሆነውን መንግሥት ከግብር ይክፈለው እንጂ ከአንዲት ተንከባካቢ ቤት ለምን ይወሰዳል አለ።

በረካው ሲቀዳ ባለቤቲቱ ተነሥታ ከመሳቢያ አንድ የልጅ ደብተር አመጣች። በጃንዋሪ 2021 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው በነበረ ጊዜ ቤቷ ውስጥ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ያለው ኢንተርኔት የስልኳ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። ቢቢሲ በዚያ ወር በልጆች ጣቢያው ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስተላለፍ ጀመረ። ደብተሩን ገልጣ አሳየችን፤ በእርሳስ የተሠሩ የክፍልፋይ ሒሳቦች፣ ከጎናቸው በስምንት ቁራጭ የተከፈለች፣ ከፊሏ የተጠቆረች ክብ፣ ከላይ በልጅ እጅ የተጻፈ ቀን። ትልቁ ልጇ ሁሉንም ከቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሠራው ነው። “ያን ጊዜ የከፈልኩት 157 ፓውንድ ከ50 ነበር። ለዚያ ክረምት ብቻ ሁለት እጥፍ ቢሉኝ እንኳ ተበድሬ እከፍል ነበር” አለች።

ሾፌሩም ደብተሩን ተቀብሎ ገጽ በገጽ አየው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቢቢሲ ጥቅም የሚከራከር አልነበረም። ነገር ግን ክርክሩን ወደ ዋናው ቁም ነገር የወሰደችው አሁንም ባለቤቲቱ ናት። የምትንከባከባቸው ሰው ልጅ ባለ አምስት መኝታ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ የሚከፍለው እርሷ የምትከፍለውን ያህል ነው። እርሱ የአንድ ምሽት እራት ዋጋ ሲከፍል፣ እርሷ የሁለት ሳምንት አስቤዛ ትከፍላለች። ወጣቷም፣ በዚህ ክፍያ ምክንያት ለፍርድ ቤት ከሚቀርቡት ከ10 ሰዎች ከ7 በላይ የሚሆኑት ሴቶች መሆናቸውን ነገረችን። አንዱ ምክንያት ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉት አብዛኞቹ እነርሱ መሆናቸው ነው፤ የፈቃድ ተቆጣጣሪው ሲያንኳኳ በር የሚከፍቱትም በብዛት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ቤት ውስጥ ዋጋውን ያወጣል፤ ይህን የሚያሳየኝ የ48 ፔንሱ ሒሳብ ሳይሆን ደብተሩ ነው። ለግል ጣቢያ የማያዋጣ ነገር፣ ሦስት ሰዓት የድሃ ልጅ ትምህርት ወይም የአማርኛ ዜና፣ ከሁሉም ቤት ካልተሰበሰበ አይኖርም። ሾፌሩ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን አብልጠው የተጠቀሙበት ቤቶች ለመክፈል አብልጠው የሚቸገሩት ናቸው፤ ሁሉም እኩል ይክፈል የሚለው ደንብ ይህን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በጀርመን ከ2013 ጀምሮ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረም እያንዳንዱ ቤት ይከፍላል፤ በማኅበራዊ ድጎማ የሚኖሩ ግን ነጻ መሆን ይችላሉ። ፊንላንድ በዚያው ዓመት ነገሩን በገቢ ልክ ወደሚታሰብ ግብር ለውጣዋለች። የፊንላንዱ መንገድ ይበልጥ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ።

አዛውንቱ ግብር ከሆነ መንግሥት እጁን ያስገባበታል ብለው ሰግተዋል፤ ስጋታቸው ቀላል አይደለም። ሆኖም አሁን ባለው ሥርዓትም ቢሆን መንግሥት ክፍያውን ከ2022 እስከ 2024 በ159 ፓውንድ ላይ እንዲቆም ሲያደርግ የከለከለው የለም። ገለልተኝነቱን የሚጠብቀው በሕግ የታጠረ የረጅም ጊዜ በጀት እንጂ የአንዲት እናት መከሰስ አይደለም። ያለ ፈቃድ ማየት ወንጀል መሆኑ ቀርቶ እንደ ውኃና እንደ መብራት ዕዳ በፍትሐ ብሔር ቢታይ የሚጎዳ አይኖርም። ቢቢሲ የሚተዳደርበት ሰነድ፣ ቻርተሩ፣ የሚያበቃው በታኅሣሥ 31 ቀን 2027 ስለሆነ፣ በዚህ ሀገር ድምፅ መስጠት የምንችል ሁሉ ይህንኑ ለየአካባቢያችን የፓርላማ አባል አሁኑኑ ልንጽፍ ይገባል።

ስንለያይ ወጣቷ ባለቤቲቱን፣ ክፍያውን በየሳምንቱ ከፋፍሎ ለመክፈል የሚያስችለውን ካርድ እንዴት እንደምታወጣ በስልኳ እያሳየቻት ነበር። ሾፌሩ ደብተሩን ለልጁ ሲመልስለት፣ ለስምንት የተከፈለችውን ክብ በጣቱ እየነካ፣ “ይህች ስንት ስንተኛ ናት?” ብሎ ጠየቀው፤ ልጁም ሳያመነታ መለሰለት።