አቤሉንጉ ከግቁማ አልወረዱም

በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ፣ ዋይልድ ኮስት በሚባለው የባሕር ጠረፍ አቤሉንጉ የሚባል የኾሳ ጎሳ ይኖራል፤ “ነጮቹ” እንደማለት ነው። ስለ እነሱ ደጋግሞ የሚጻፈው ታሪክ አንድ ነው። በ1730ዎቹ ግድም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተሰበረ መርከብ የተረፈች ነጭ ሕፃን በዚያው ጠረፍ ባለችው ፖንዶላንድ አደገች፣ ግቁማ ተባለች፣ ለአገሬው ሹም ተዳረች፤ ጎሳውም ከእሷ ተወለደ ይባላል።

ልጅቷ በእርግጥ ነበረች። በ1782 የሰጠመችውን ግሮቭነር የተባለች መርከብ ሰዎች ፍለጋ በ1790 የወጣው የቫን ሬነን ቡድንም በዚያው ጠረፍ ያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ በልጅነታቸው ከሌላ መርከብ የተረፉ ሦስት ያረጁ ነጭ ሴቶች። ጎሳው ከግቁማ ወጣ የሚለው ግን አይሆንም። ኢሲዱኮ፣ ማለትም የጎሳ ስም፣ የሚወረሰው ከአባት ነው። የግቁማ ባል ቾማኔ ከሚባል ሌላ ጎሳ ነበር፤ አለቃ የሆነው ልጇ ምዴፓም ቾማኔ ነው። አቤሉንጉ የወረዱት ብዙ ካልተወራላቸው፣ ከባሕር ከወጡ ወንዶች ነው።

እኔን የሚገርመኝም የእነዚህ ወንዶች ነገር ነው። ኾሳ ሰውን ሲያከብር በጎሳ ስሙ ይጠራዋል። ማንዴላን ማዲባ የምንለው የቁልምጫ ስም እየመሰለን ነው እንጂ፣ ስሙ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከገዛ የቴምቡ ሕዝብ አለቃ የመጣ፣ ሺዎች የሚጋሩት የጎሳ ስም ነው። ሴት ብታገባም የአባቷን ኢሲዱኮ ይዛ ትኖራለች። ከብት ታርዶ ጠላ ተጠምቆ አያቶች ሲጠሩም በዚሁ ስም ነው። ጋብቻንም የሚገዛው እሱ ነው። እኛ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን እናቆማለን፤ እነሱ ዘንድ ግን ኢሲዱኮው አንድ ከሆነ፣ ዝምድናው የት እንደተገናኘ ባይታወቅም ጋብቻ የለም።

እንግዲህ ከማዕበል የተረፈ ሰው ልጅ ሲወልድ፣ ልጁ በማን ስም ይጠራ? ጎረቤቶቹ እንግዳውን ስም አልባ አድርገው አልተዉትም፤ ራሱን የጎሳ መነሻ አባት አደረጉት። እንግዳ ተቀብለናል ብሎ ማውራት ቀላል ነው፤ የልጅ ልጆቹ በመሥዋዕት ጊዜ እንዲጠሩት ማድረግ ግን ሌላ ነው። ይህ የሆነው ለነጭ ብቻም አይደለም፤ ሱክዊኒ የሚባለው የኾሳ ጎሳ ሥሩ ኮይ ከሚባለው የደቡብ አፍሪካ ነባር ከብት አርቢ ሕዝብ ነው።

በ1949 የአፓርታይድ መንግሥት ነጭና ነጭ ያልሆነ እንዳይጋቡ በሕግ ከለከለ። በዚያ ጠረፍ አቤሉንጉ ማግባት የማይችለው አቤሉንጉን ነበር።

ዛሬ ወደዚያ የሚሄዱ ጋዜጠኞች የሚፈልጉት ሰማያዊ ዓይን ነው፣ ካልሆነም የዘረመል ምርመራ ውጤት። ምርመራው የአባትን አገር ሊጠቁም ይችላል። የጎሳ ስሙ ግን ላቦራቶሪ ሳይኖር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ የሚጠየቁትም የአባቶቻቸውን ስም በቃል የሚደረድሩት ሽማግሌዎች ናቸው።