ብቻውን መርከብ የተሳፈረ ሰው ስንት ነው?

በክሩዝ፣ ማለትም በመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ሂሳብ አንድ ሰው የሚባል ፍጡር የለም። ዋጋው ሁሌ የሚለጠፈው በነፍስ ወከፍ ነው፣ ከስሩ ግን በጣም በደቀቀች ፊደል «በአንድ ካቢን ሁለት ሰው ካደረ» የምትል አለች፣ እና አንተ ላጤው፣ ወይ ፈቱ፣ ወይ ሚስትህ ባህር የምትፈራው፣ ብቻዬን ልሂድ ያልክ እንደሆነ ያልመጣውንም ሰው ሂሳብ ትከፍልለታለህ። ሲንግል ሰፕልመንት ይሉታል። ብዙ ጊዜ እጥፍ ነው። አለች ደሞ እንደ ኖርዌጂያን ኤፒክ ያለች መርከብ፣ በ2010 ስራ ስትጀምር ለብቸኛ ሰው ተብለው የተሰሩ ትንንሽ ካቢኖች ይዛ መጣች ተብሎ ብዙ ተወራላት፣ ካቢኖቹ መስኮት አላቸው፣ መስኮቱ የሚያየው ግን ባህሩን ሳይሆን ኮሪደሩን ነው። ላጤ ባህር ምን ያደርግለታል፣ አላፊ አግዳሚውን ይይ ብለው መሰለኝ። እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ኮሮና መጥቶ «ከሰው 2 ሜትር ራቅ በል» የተባለው። የሁለት ሰው ከፍለህ፣ አንድ ሆነህ ሄደህ፣ ያንኑ አንዱንም ማንም እንዳይጠጋው!

ለአበሻ «ብቻዬን ልዝናና ነው» ብሎ መናገር ራሱ ከባድ ነው። እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ዋሺንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ለጓደኞቼ ስነግራቸው የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ «ከማን ጋር?» ነው፣ «ብቻዬን» ስል ዝም ይላሉ፣ ከዛ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «ደህና ነህ ግን?» ይላሉ። አንዱማ «ሃኪም የነገረህ ነገር ካለ አትደብቀን» አለኝ። ሰርጉም ለቅሶውም ቡናውም እቁቡም በቡድን የሆነበት ህዝብ ብቻውን የሚዝናና ሰው ሲያይ ወይ ታሟል ወይ የደበቃት ሴት አለች ነው የሚለው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ነዋ ያደግነው። ችግሩ በዛ ሰሞን የጤና ባለሙያዎቹ ደሞ አብሮ የበላ አብሮ ይሞታል እያሉን ነበር፣ የቱን እንስማ?

ክሩዝ ደሞ በዛ ጊዜ ከነገሩ ሁሉ ስሙ የጠፋ ነበር። በፌብሩዋሪ 2020 ዳይመንድ ፕሪንሰስ የምትባለዋ መርከብ 3,711 ሰው እንደያዘች ጃፓን ዮኮሃማ ላይ ኳራንቲን ገብታ ከ700 በላይ ሰው ሲያዝባት ዓለም በሙሉ በቲቪ ተከታትሏል። ማርች ላይ ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያው መስሪያ ቤት፣ ክሩዝ የሚባል ነገር ከአሜሪካ ወደብ እንዳይወጣ አለ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ጁን 26 2021 ላይ ሴሌብሪቲ ኤጅ የምትባል መርከብ ከፍሎሪዳ፣ ከፎርት ሎደርዴል መንገደኛ ጭና ወጣች። በመሃል ሌሎች አገሮች ሲሞክሩ የሆነውን እያነበብኩ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ሲንጋፖሮች የትም የማይደርስ ጉዞ ፈጠሩ፣ መርከቧ ትወጣለች፣ ባህሩ ላይ ትዞራለች፣ እዛው ትመለሳለች። ዲሴምበር ላይ ታዲያ አንድ የ83 ዓመት አዛውንት ፖዘቲቭ ተባሉና ወደ 1,700 የሚሆን መንገደኛ ካቢኑ ውስጥ ተዘጋበት፣ በኋላ ተደጋግሞ ሲታይ ለካ ሰውየው ምንም የለባቸውም። ጣሊያን ውስጥ ደሞ ክሩዝ እንደገና በተጀመረበት ሳምንት አንድ ቤተሰብ ኔፕልስ ላይ ከጉብኝቱ ቡድን ተነጥሎ ዞር ዞር በማለቱ መርከቡ አላሳፍርም ብሎ ጥሏቸው ሄደ። ቤተሰብ ሆኖ የተነጠለ እንዲህ ከተደረገ ሲፈጥረውም ተነጥሎ የመጣው ላጤ ምን ሊደረግ ነው?

ይሄን ሁሉ አንብቤ ለሴፕቴምበር 2021 ትኬት ቆረጥኩ። ሴፕቴምበር ርካሽ ነው፣ የሃሪኬን፣ የባህር አውሎ ነፋሱ ወር ስለሆነ፣ ኮሮናና ሃሪኬን ሲደመሩ ደሞ ጥሩ ቅናሽ ይወጣቸዋል። የክትባት ካርዱ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ትዝታ ቀስቅሶ የሚወጣው ቴስት፣ ከዴክ ወደ ውስጥ ስትገባ ማስኩ፣ እሱ ሁሉ ምንም አይደል። ጉዱ ያለው የመርከቡ ህግ በሙሉ ለቡድን የተፃፈ መሆኑ ላይ ነው። ቲያትሩ ውስጥ አንድ ቡድን አንድ ላይ ይቀመጣል፣ ግራና ቀኙ ወንበር ይዘለላል። ሊፍት በአንድ ጊዜ አንድ ቡድን፣ ጃኩዚ እንደዚሁ። በህጉ መሰረት እኔም ብቻዬን ቡድን ነኝ። ሊፍቱ ይከፈታል፣ ውስጥ እኔ ብቻ፣ ውጪ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጋሪ፣ እና በትህትና «ችግር የለም የሚቀጥለውን እንይዛለን» ብለው ወደ ኋላ ይላሉ፣ እኔ እንደ ሚኒስትር ብቻዬን ስምንት ፎቅ እወርዳለሁ። ጃኩዚው ላይማ ባስ፣ ስድስት ሰው የሚይዘው ውሃ ውስጥ ተዘርግቼ ፎጣ ታጥቀው ተራ የሚጠብቁ ልጆች ሲያፈጡብኝ እንዴት ነው የምዝናናው፣ ከናታቸው ጋር አይን ለአይን ስንገጣጠም ወጣሁ።

ምግብ ቤቱ ደሞ ሌላ ነው። ድሮ ብቻህን ከሄድክ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ይመድቡህ ነበር፣ ሳትወድ በግድህ ትተዋወቃለህ። ኮሮና ያንን አስቀረው። ለሁለት ሰው የተሰናዳች ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡኝና አስተናጋጁ ሁል ማታ የዛኛውን ሰው ሹካና ቢላ ያነሳል። ሲያነሳ ደሞ ቀስ አድርጎ ነው፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ሰው የሞተብኝ ነው የሚመስለው። «ተወው ይቀመጥ፣ ከፍዬበታለሁ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ፕሮግራሙ ላይ «የብቸኛ መንገደኞች መተዋወቂያ» የሚል ሳይ እሰይ አልኩ። ባሩ ውስጥ ነው። ስደርስ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ምልክት ተለጥፏል፣ በየምልክቱ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አንድ ሰው፣ ፈተና ልንቀመጥ ነው እንዴ አልኩ፣ የሚቀረው ፈታኝ ነበር እሷም መጣች፣ ማይክ የያዘች የመርከቡ ሰራተኛ። ኤሲው ይጮሃል፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ይለማመዳል፣ እኛ በማስክ ውስጥ እናወራለን። አጠገቤ፣ ማለቴ 2 ሜትር ላይ፣ ከኦሃዮ የመጣች ጡረተኛ አስተማሪ ናት፣ ከሷ ወዲያ ካውቦይ ባርኔጣ ያደረገ የቴክሳስ ሰውዬ። ሰውየው ለምን ብቻሽን መጣሽ አላት። የሆነ ነገር አለች። «ምን?» አለ። ደገመችለት። «አልሰማሁሽም!» አለ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ። ይሄኔ ፒያኖው ቀጥ አለ፣ እሷ ደሞ ሙሉ ሳንባዋን ሞልታ ነበርና መመለስ አልቻለችም፣ «ባሌ ከእህቴ ጋር ሄዶ ነው!» ባሩ በሙሉ ፀጥ። ኮክቴል ይመታ የነበረው ልጅ እጁ አየር ላይ ቀረ። ከወዲያ ጥግ ምንም የማያገባቸው ባልና ሚስት «ሶሪ!» ብለው ጮሁ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ርቀቱ የወሰደብን ወሬውን አይደለም፣ ወሬማ በስልክም በዙምም አልተቋረጠም። የወሰደብን ሹክሹክታውን ነው። ሰው ከሰው የሚወዳጀው ጠጋ ብሎ «ለማንም እንዳትናገር» ሲባባል ነው፣ ማለትም ሲያማ ነው፣ ሃሜት ደሞ 2 ሜትር ላይ ሆኖ አይታማም። አስቡት እስኪ፣ የባርኔጣውን ሰውዬ ማማት ፈልጌ ከአስተማሪዋ በቀር የማማለት የለኝም፣ እሷ እንድትሰማ ከጮህኩ እሱም ይሰማል፣ ከሰማ ደሞ ሃሜት መሆኑ ቀርቶ አስተያየት መስጠት ሆነ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አየሩ ተጯጩኸን ተለያየን።

ፈረንጅ ግን መላ አያጣም። በማግስቱ እራት ላይ አስተማሪዋና ቴክሳሱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ወይን ሲቃመሱ አየሁ። ለካ ሪሴፕሽን ሄደው አንድ ፓርቲ ነን (በፈረንጅኛ አንድ ቡድን ማለት ነው) ብለው ተመዝግበዋል። ሁለት ሰው ሆኖ ፓርቲ ማስመዝገብማ ለእኛም አገር ብርቅ አይደለም፣ ሦስተኛ ሲጨመር ነው አንጃ የሚፈጠረው፣ ስለዚህ አስገቡኝ ብዬ አልጠየቅኩም።

ሴፕቴምበር 11 ቅዳሜ ዋለ፣ እንቁጣጣሽ፣ 2014 ገባ። አሜሪካኖቹ የመንትዮቹን ህንፃዎች 20ኛ ዓመት እያሰቡ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ባንዲራው ዝቅ ብሏል፣ እንኳን አደረሰህ የሚለኝ ፍጥረት የለም። ዴኩ ላይ አጥሩን ተደግፌ ባህሩን እያየሁ ቆሜ ከኋላዬ «አንተ ልጅ፣ አበሻ ነህ አይደል?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን ንፋሱ ወደ ኩባ ሊወስደው ሲታገል በአንድ እጅ እሱን ይዘዋል፣ በሌላው ፌስታል።

«እንዴት አወቁኝ?»

«ማስክህን አገጭህ ላይ ነዋ ያደረግከው!»

ሁለታችንም እጃችንን ዘርግተን ተነሳን፣ ትከሻ ለትከሻ ልንጋጭ ስንል እኩል ትዝ አለን፣ ቆምን። ከዛ ደረቴ ላይ እጄን አድርጌ ጎንበስ አልኩ፣ እሳቸውም እጅ ነሱኝ። አያቶቻችን ሲዲሲ ሳይነግራቸው ይቺን ማወቃቸው ገርሞኛል መቼም።

«ልጆችህስ?» «የሉኝም።» «ባለቤትህስ?» «አላገባሁም።» «ታዲያ ከማን ጋር መጣህ?» «ብቻዬን ነኝ እማማ።» «ውይ በሞትኩት!» ብለው 2 ሜትሩን በአንድ እርምጃ ጨረሱት። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከልጃቸው ቤተሰብ ጋር ነው የመጡት፣ ልጆቹ ውሃ መንሸራተቻው ላይ ናቸው፣ እሳቸው ፌስታል ጥበቃ። ፌስታሉ ውስጥ በፎይል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ ኮባው ሳይቀር ከስሩ ተጣብቆበታል፣ እንደው የወደቡ ሴኩሪቲ ምን መስሎት እንዳሳለፈው እንጃ። ቆርሰው እጄ ላይ ሳይሆን አፌ ላይ አደረጉት። ቡፌ ላይ በፕላስቲክ ግድግዳ ማዶ ጓንት ባደረገ ሰው እየተጨለፈለት አራት ቀን የከረመ አፍ ጉርሻ ሲያገኝ እንዴት እንደሚደነግጥ።

ይሄኔ ርቀት የሚቆጣጠረው ልጅ መጣ። ከየት አየን በናታችሁ! «አንድ ፓርቲ ናችሁ?» አለ በትህትና። እኔ ገና ሳላኝክ እማማ «ማይ ሰን!» አሉት። ልጁ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ልጅ ሆንኩ። ልጅነት ደሞ የሙሉ ጊዜ ስራ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፀሎት ለማድረስ ምስራቅ በየት በኩል እንደሆነ መጠቆም፣ መርከቡ ሲዞር እንደገና መጠቆም። የፆም ቀን ቡፌው ላይ ቆሜ «ቅቤ አለው? ወተትስ? እርግጠኛ ነህ?» እያልኩ የኢንዶኔዥያውን ልጅ መመርመር። ሜክሲኮ፣ ኮዙሜል ስንወርድ በርበሬ ማጋዝ፣ ሃባኔሮ የሚባለውን ሻጩ ተጠንቀቁ እያለ በጥርሳቸው ገመጥ አድርገው «ይሄ ምኑ ያቃጥላል» ሲሉ ሻጩን ማፅናናት። ፎቶ ማንሳት፣ ከመርከቡ ጋር፣ ከባህሩ ጋር፣ ከካፒቴኑ ምስል ጋር፣ «እንደገና፣ አይኔን ጨፍኛለሁ»። እውነተኛዋ ልጃቸው ጃኩዚ ውስጥ በባሏ ትከሻ ተደግፋ በሩቁ እጇን እያወዛወዘች ታመሰግነኛለች። በዚህ ላይ አንዲት ነርስ የሆነች የእህታቸው ልጅ አለች፣ ቁመቷ፣ ፀባይዋ፣ ዶሮ ወጧ በየቀኑ ይነገረኛል።

የመጨረሻው ቀን ላይ መላ ዘየድኩ። ቢያንስ የከፈልኩባት ካቢን ውስጥ ትንሽ ልተኛ ብዬ በሩን ቆለፍኩና ለልጃቸው ጉሮሮዬን ከረከረኝ የሚል መልዕክት ላኩ፣ ጉሮሮ የከረከረው ሰው ከካቢን አይወጣም፣ ህግ ነው። ገና ጋደም ከማለቴ በሩ ተንኳኳ።

«እማማ፣ ህጉ እኮ አይፈቅድም፣ ራቅ ይበሉ» አልኩ ከውስጥ።

«ፌጦ በሎሚ በጥብጫለሁ፣ ያንን ጨርቅ ከአፍህ አውልቅና ክፈት» አሉኝ፣ «ነርሷም በቪዲዮ መስመር ላይ ናት፣ ጉሮሮህን ልታይልህ ነው።»