ለባለ ድንኳኑ የቀረበ ሙገሳ

ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ከዲሲ ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዱ ይደርሳሉ። ከተዘጋጁት ካምፖች ውጭ ድንኳን የሚተከልበት ዱር ክፍያ የለው፣ ሽንት ቤት የለው፣ ቧንቧ የለው፣ የቆሻሻ ገንዳ የለው። ደኑ የሕዝብ ነው፤ ባለ ድንኳኑ ጌታችንም ሕዝብ ናቸው፤ ስለዚህ ደኑ የእሳቸው ነው። ማን ይከራከራል?

ቦታ አመራረጣቸው ይደነቅ። ተራ ሰው ደኑን የሚያስተዳድረውን የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት የመኪና መንገድ ካርታ አይቶ፣ ከዚህ በፊት ሰው የሰፈረበትንና ሣሩ ያለቀበትን ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፤ ከወንዙም 60 ሜትር ያህል ይርቃል። እሳቸው ለምለሙ ሣር ላይ፣ ውሃው አፋፍ ድረስ ይነዳሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ጎማው የቀደደውን ቦይ ተከትሎ አፈሩን ወንዙ ውስጥ ይጨምርላቸዋል፤ ጠጠር መሃል የተጣለውን የትራውት ዓሣ እንቁላል ጭቃ ያፍነዋል። መንጠቆ ይዘው መምጣታቸውን ግን አይረሱም።

እሳታቸው ለብቻው አንድ ዓምድ ይገባዋል። ማገዶውን ከሜሪላንድ ጓሯቸው ጭነው ይመጣሉ። በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የተገኘችው፣ አሽ የሚባለውን ዛፍ የምትፈጀው አረንጓዴ ጥንዚዛ ሩቅ ለሩቅ የተዛመተችው በእንዲህ ዓይነት ደግ ሰው መኪና ነው። ማገዶው ሲያልቅ የወደቀ ደረቅ እንጨት መልቀም ስለማይመጥናቸው የቆመውን ይቆርጣሉ። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የራሱን ውሃ በማትነን ይጨርሰዋል፤ ጭስ እንጂ ነበልባል የለም፤ ስለዚህ ቤንዚን ይከተላል። ጉልቻው ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ነው፤ ውስጡ የሰረገው ውሃ እንፋሎት ሲሆን ድንጋዩ ይፈነዳል፣ ጥብሱም ጠጠር ይለብሳል።

ማጥፋቱማ ጥበብ ነው። ሌላው አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሶ፣ በአካፋ አማስሎ፣ ደግሞ አፍስሶ፣ ጭሱና ድምፁ ሲቆም አመዱን በእጁ ጀርባ ይፈትሻል። እሳቸው አፈር ያለብሱትና ይሄዳሉ። አያቶቻችን እሳቱን ለነገ ለማሳደር የሚዳፍኑት እንዲሁ ነበር፤ ባህል ጠባቂነታቸው ይመስገን። አሪዞና ውስጥ በ2011 ሁለት የአጎት ልጆች እሳታቸው መጥፋቱን የፈተሹት የከረሜላ መጠቅለያ ጥለውበት ነው፤ መጠቅለያው ስላልቀለጠ ትተውት ሄዱ። ዋሎው የተባለው ቃጠሎ ከ538,000 ኤከር በላይ በላ። ጌታችን ከረሜላም አያባክኑም።

ስለ ሽንት ቤቱ በጨዋ ደንብ እንናገር። ደንቡ ከውሃ፣ ከድንኳንና ከእግር መንገድ 70 እርምጃ ርቆ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት በብዛት ያሉት በዚያ የላይኛው አፈር ነው፤ ጉድጓዱ ካነሰ አውሬ ይጭረዋል። እሳቸው ዛፍ ጀርባ ይሉና እርጥብ ሶፍቱን እዚያው እንደ አደይ አበባ በትነውት ይመለሳሉ። ብዙው እርጥብ ሶፍት ፕላስቲክ ስላለበት አበባው ወቅት አይጠብቅም፣ አይረግፍም። ከታች ሰፍሮ ውሃ ሳያፈላ የሚጠጣ ወገን ደግሞ ጃርዲያ የተባለውን ተቅማጥ አምጪ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ በነፃ ሊቀበል ይችላል።

ጽዱነታቸው ግን አይካድም። የቅቤውን ዕቃ፣ የጥብሱን አጥንት፣ እሳት ውስጥ ጥለውት ያልነደደውን ፎይል በፌስታል ቋጥረው ዛፍ ሥር ያስቀምጡታል። ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና በዚያ መንገድ አያልፍም፤ ማታ ጥቁር ድብ ይፈታዋል። የሰው ምግብ የለመደ ድብ ድንኳን መፈተሽ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም መጨረሻው ጥይት ነው። ምግቡን መኪና ውስጥ መቆለፍ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን የመኪናው ወንበር ወጥ ወጥ ይሸታል።

ቦታው ተጎድቶ «ድንኳን መትከል ክልክል ነው» የሚል ምልክት ሲቆም ቀድመው የሚቆጡት እሳቸው ናቸው። «በገዛ ታክሳችን!» ይላሉ፤ ከዚያም ካርታውን ሳይገልጡ ሁለት ማይል ወደ ውስጥ ይነዳሉ።