ተራዬ እንዳያልፈኝ ብዬ

ወገኖቼ፣ ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጎንደር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ተራ ይዤ ተቀምጫለሁ። አንድ ሽበታም ሕንዳዊ ገቡ። ድሮ እዚሁ አገር ሒሳብ ያስተማሩ ናቸው። በዚያች በቀረቻቸው አማርኛ፣ "አባቴ በጣሊያን ጊዜ መተማ መንገድ ላይ ወታደር ነበር። ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ" አሉ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ቀና እንኳ አላለም። "ሕንድ ደግሞ መቼ ተዋጋና? እኛ የምናውቀው ጨርቅ ሲሸጥ ነው!" ቤቱ በሳቅ አውካካ። የባሰው ደግሞ፣ እሳቸውም ፈገግ አሉ። ያረጀች ፎቶግራፋቸውን ኪሳቸው መልሰው፣ እጅ ነስተው ወጡ። ወንበር እንኳ የሰጣቸው የለም።

እኔም ስቄያለሁ።

እናንተ አላወቃችሁም እንበል። እኔ ግን አውቅ ነበር! የሕንዳዊውን የፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋትን ታሪክ አንብቤያለሁ። ጥር 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መተማን ከጣሊያን ሲያስለቅቅ፣ በዚያው ጦር የ22 ዓመት ምክትል መቶ አለቃ ነበር። ጣሊያን እየሸሸ መንገዱን በፈንጂ ሞልቶታል። ባጋት ከሁሉ ፊት በምትሄደው ብረት ለበስ ሆኖ አራት ቀን፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ጠረገ። 15 ቦታ የተቀበረ ፈንጂ አስወጣ። ብረት ለበሷ ሁለት ጊዜ ፈንጂ ላይ ወጣች፤ አብረውት የነበሩ ተጎዱ። የእሱም የጆሮ ታምቡር ተበሳ። ሌላ ሰው ይተካህ ቢሉት፣ ሥራውን አሁን የለመድኩት እኔ ነኝ ብሎ እንቢ አለ። ቪክቶሪያ ክሮስን፣ የእንግሊዝን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ፣ የተሸለመው በዚህ ነው።

ለእንግሊዝ ንጉሥ ነው የተዋጋው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ፈንጂው የተነቀለው ግን ከእኛ መሬት ነው።

የገዛ አገሩም ብዙ አላደላችለትም። በ1955 ዓ.ም. ሕንድ በቻይና ለምን እንደተሸነፈች ከአንድ ጄኔራል ጋር መርምሮ የጻፈውን ሪፖርት መንግሥት ቆለፈበት። በኋላ ሌተናል ጄኔራል ሆኖ፣ የጦሩ ዋና አዛዥ ይሆናል ሲባል፣ ለነበረው አዛዥ ጊዜ ተራዘመለትና ዕድሉ አለፈ። በ1967 ዓ.ም. ሞተ። እሺ፣ እነሱስ የበደሉት የራሳቸውን ሰው ነው። እኛ ግን ምን ቤት ነን?

የሐረር ጦር አካዳሚን ያቋቋሙት ሕንዳውያን መኮንኖች፣ ማባዛት ያስተማሩን መምህራን... ተዉት።

ያን ቀን "ተዋግቷል" ማለት ይበቃኝ ነበር። ተከትያቸው ልወጣም አስቤ ነበር፤ ተራዬ እንዳያልፈኝ ብዬ ቀረሁ። በማግስቱ ሆቴል ለሆቴል ዞርኩ፤ የሉም።

ማን ያውቃል፣ ይመለሱ ይሆናል። ፎቶግራፍ የያዙ ሽበታም ሕንዳዊ የመተማን መንገድ ከጠየቋችሁ፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ወንበር ስጧቸው።