እርማት፦ «ኮከቡ ካልጠፋ ቀረጻው አይጠቅምም» ስለሚባለው

እንደ አስትሮይድ ያለ ትንሽ የጠፈር አካል በአንድ ኮከብ ፊት ሲያልፍ፣ ጥላው ከሚያርፍበት ቦታ ሆኖ ለሚያይ ኮከቡ ለአጭር ጊዜ ይጠፋል፤ ታዛቢዎች ይህን ከተለያዩ ቦታዎች በቪዲዮ ቀርጸው የአካሉን መጠን ይለካሉ። «ባሕር ዳር ላይ ኮከቡ ስላልጠፋ ቪዲዮውን አጥፉት» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት እንደተባለ አልጠራጠርም፤ ግን ስህተት ነው፣ እባካችሁ አታጥፉት። ኮከቡ እጅግ ሩቅ ስለሆነ የአካሉ ጥላ ምድር ላይ የሚያርፈው በራሱ በአካሉ ስፋት ልክ ነው። ጎርጎራ ላይ ጠፍቶ፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ባሕር ዳር ላይ ካልጠፋ፣ የጥላው ጠርዝ በመካከል ጣና ላይ አልፏል ማለት ነው። የባሕር ዳሩ ቀረጻ ከሌለ የአካሉን መጠን በዚያ በኩል የሚገድበው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2017 የአሮኮትን (ከኔፕቱን ማዶ ያለ ትንሽ የጠፈር አካል) ጥላ ከጠበቁት አንድም ሰው ኮከቡ ሲጠፋ አላየም፤ አካሉ ከተገመተው ሊያንስ እንደሚችል የጠቆመው ይኸው ነበር።

ቀረጻው መቁጠሩን ለማረጋገጥ ይጠፋል የተባለውን የዒላማ ኮከብና የአንድ ጎረቤት ኮከብን ብርሃን ፍሬም በፍሬም ለኩ። ሁለቱም አብረው ከደበዘዙ የሐይቁ ጭጋግ ወይም ደመና ነው፣ ያ ክፍል አይቆጠርም። ሁለቱም ሳይቋረጡ ከታዩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓቱን በጂፒኤስ፣ ቦታውንም ጨምራችሁ «አልጠፋም» ብላችሁ ላኩ።